የዶኛ ዜኔይዳ ደንበኞች ምን ይፈልጋሉ

ፓናማ ከተማ፣ ጁላይ 3

ለተከበሩ አክስቴ ለዶኛ ዜኔይዳ ባዲያ

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ረዳትዎ ኦዲሊ አሁንም ሊጥ እያቦካች ትዘፍናለች? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። የካርታጎዋ እመቤታችን እርስዎንም ቤትዎንም ትጠብቅልኝ።

ይህን ደብዳቤ ለዶን ቤላርሚኖ ሰጥቼዋለሁ። አሁንም ከባድ መኪናውን ይዞ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ድንበር እየተሻገረ ከፑሪስካል ፓናማ ይመላለሳል። ስልክ ደውዬልዎት ነበር። ‹‹ይሄ ስልክ የትእዛዝ ነው፤ ወሬ ካለሽ ጻፊልኝ›› ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሜይ ጀምሮ የምሠራበት የማስታወቂያ ድርጅት፣ አዲስ የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ትንሽ ንግድ መርጦ ገበያውን በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲያሳድግ ያዝዛል። እኔ የእርስዎን ታማል መርጫለሁ፤ አለቃዬ ምን እንደሆነ ስላላወቀች ‹‹ሥጋ የገባበት የበቆሎ ሊጥ ነው፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ሁለት ሁለት እየታሰረ የሚቀቀል፣ የገና ምግባችን›› አልኳት። ባለፈው ፋሲካ ‹‹ካቻምና ለገና ዘጠኝ መቶ ጥንድ ሸጥኩ፣ አምና ስድስት መቶ አርባ›› ብለውኝ ነበር። ቁጥሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የፌስቡክ ገጽዎን አየሁት፤ አይቆጡኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተከታይ አለው። መጨረሻ የተለጠፈው ፎቶ የዶሮ ነው። እርስዎ ደግሞ ታማል ውስጥ የሚያስገቡት የአሳማ ሥጋ ነው።

ገጹን ለእኔ ይተዉልኝ። ግን ምንም ከመለጠፌ በፊት ማን ከእርስዎ እንደሚገዛና ለምን እንደሚገዛ ማወቅ አለብን። አለቃዬ ኢትሴል ‹‹ደንበኛሽን ሳታውቂ አንድ ፎቶ እንዳትለጥፊ›› ትላለች። ስለዚህ ዘጠኝ ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ፤ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ዕድሜያቸውን፣ ስለ እርስዎ ከማን እንደሰሙ፣ ለማን እንደሚገዙ፣ ምን ቢለወጥ ደስ እንደሚላቸው ይጠይቁልኝ። ቢያንስ አርባ ሰው ያስፈልገኛል። መልሱን እንዳሉት አድርገው ይጻፉት።

ኦዲሊን ሳሙልኝ።

አክባሪዎ ዮርሌኒ


ፑሪስካል፣ ጁላይ 24

ለልጄ ለዮርሌኒ

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ አላቆመም፣ የጉልበቴ ሕመምም አብሮት አላቆመም። ኦዲሊ ትዘፍናለች፤ እንድትተው ብለምናትም እንቢ ብላለች። ሰው አገር ስትኖሪ እግዚአብሔር ክፉ ሰው አያጋጥምሽ።

አርባ አንድ ሰው ጠይቄያለሁ። አርባ ስትዪኝ አርባ አንደኛዋ እዚያው ቆማ ስለነበር ቅር እንዳትሰኝ ብዬ ነው። መልሱን ደብተሩ ላይ ታገኚዋለሽ። ሁሉም ሴቶች ናቸው። ትንሿ ሠላሳ አንድ፣ ትልቋ ሰባ ዓመት ይሆናታል፤ እሷ ግን ስልሳ ብላለች፣ እኔም ስልሳ ብዬ ጽፌያለሁ። ‹‹ምን ቢለወጥ ይወዳሉ›› ለሚለው አርባ አንዱም ‹‹ምንም›› አሉ። ሁለቱ ከታማሉ ውስጥ ሽንብራውን እየለቀሙ ለውሻ እንደሚሰጡ አውቃለሁ፤ አንደኛው ውሻ ጎረቤቴ ነው። ‹‹ለማን ይገዛሉ›› ለሚለው ‹‹ለቤት›› ነው ያሉት። ‹‹ለሌላ ሰው ይናገራሉ ወይ›› ለሚለው ‹‹እንዴታ!››

ፍሎሪን ታስታውሻታለሽ፣ አበልጄን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችውን። ሁለት ሰዓት አስቀመጠችኝ። እንዳሉት ጻፊ ስላልሽኝ ይኸው፦

‹‹ፍሎሪ፣ ታማሌ ውስጥ የማትወጂው ነገር ካለ ንገሪኝ። ለጥናት ነው።››

‹‹ጥናት? ማነው የሚማረው?››

‹‹የሊግያ ልጅ። ፓናማ ያለችው።››

‹‹ውይ የኔ ቆንጆ! የሟቿ የሊግያ ልጅ? ሁሉም ማር ነው በያት። ማርክ እንዳይቀንሱባት።››

ጥያቄ ቁጥር አራትን ሳላነብላት ‹‹እስማማለሁ›› አለችኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ለጥናትሽ ከጠቀመ። ሞተር ሳይክል የሚጠግነው ዶን ኤሊዬሰር ማድ ቤቴን መከራየት ይፈልጋል። መንገድ ዳር ነው፣ በሩ ሰፊ ነው፣ ጥሩ ይከፍላል። ዘንድሮ ለገና ከአምስት መቶ ጥንድ በታች ከሸጥኩ ቁልፉን እሰጠዋለሁ፤ እንጨትና ሥጋ ገዝቼ አልዘልቀውም። ምድጃውን አፍርሼ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ኦዲሊ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የሰው ቤት ልታጸዳ ነው። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ታውቃለች።

አክስትሽ ዜኔይዳ


ፓናማ ከተማ፣ ኦገስት 6

ለተከበሩ አክስቴ

ጤና ይስጥልኝ። ለእመቤታችን በዓል እስከ ካርታጎ በእግርዎ እንዳልሄዱ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሄዱም አይንገሩኝ።

ደብተሩ ደርሶኛል። ኢትሴል አይታው ‹‹እንዲህ ያለ ንጹሕ መረጃ አይቼ አላውቅም›› አለች። በዶኛ ፍሎሪ ማርክ በጣም ሳቅሁ። ግን አርባ አንድ ሰው ሁሉ ለእኔ ብሎ አይዋሽም። የተረዳሁት ይህ ነው፦ ገዢዎችዎ የቤት እመቤቶች ናቸው፣ ይወዱዎታል፣ ለሌላ ሰው ለመናገርም ፈቃደኛ ናቸው። ስለዚህ ታማሉ እንከን የለበትም። የጎደለው፣ የሚወድዎት ሰው በአደባባይ አለመናገሩ ነው። በገጹ ላይ አንዲት ደንበኛ እንኳ ኮሜንት ጽፋ አታውቅም! ሠላሳ ዓመት የሚገዙ ሴቶች! የሱፐርማርኬቱ የበረዶ ታማል ግን አራት ሺህ ላይክ አለው።

እንግዲህ የምናደርገው፣ የሴቶቹን ፊትና ስም ማሳየት ነው። ከዶን ቤላርሚኖ ጋር አምስት መቶ ተለጣፊ ወረቀት ልኬያለሁ፤ ቀይ ነው፣ ‹‹የዶኛ ዜኔይዳ ምድጃ›› የሚል ጽሑፍና የእርስዎ ሥዕል አለበት። አፍንጫዎን አሳንሼልዎታለሁ። በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ፣ ቅጠሉ ላይ ይለጠፍ። ሴቶቹ ሊወስዱ ሲመጡ ኦዲሊ በር ላይ ታማሉን አስይዛ ፎቶ ታንሳቸው፣ ትላክልኝ፤ እኔ ስማቸውን ታግ አድርጌ እለጥፋለሁ። ለገና ደግሞ የገበታዋን ፎቶ ለላከች ሽልማት እናዘጋጃለን።

ለእናቶች ቀን፣ ለኦገስት 15፣ እንጀምር። እንደ ሙከራ።

ለምድጃው አይስጉ። የዶን ኤሊዬሰር ሞተሮች ሌላ በር ይፈልጉ።

አክባሪዎ ዮርሌኒ


ፑሪስካል፣ ሴፕቴምበር 4

ለዮርሌኒ

እንደምን አለሽ የኔ ልጅ። እዚህ ሁሉም ደህና ነው። እመቤታችን ትከተልሽ። ካርታጎ ሄጃለሁ፤ አይንገሩኝ ስላልሽ በዚሁ እተወዋለሁ።

ወረቀቱን ለጥፈናል። ሥዕሉ ያምራል፤ እኔን ግን አይመስልም። ኦዲሊ የማን ናት ብላ ጠይቃኛለች።

ለእናቶች ቀን ሁልጊዜ ዘጠና ጥንድ ገደማ ይሄድልኛል። ዘንድሮ ሠላሳ ስምንት ሄደ። የተረፈውን ለጤና ጣቢያው ነርሶች ሰጠን።

ፎቶውንም ሞክረናል። ኦዲሊ በር ላይ ስልኳን ይዛ እንደ ወታደር ቆመች።

‹‹ዶኛ ማይሪታ፣ እዚህ ጋ ቁሚ፣ ታማሉን ከፍ አድርጊው።››

‹‹ዛሬ? በዚህ ፀጉር?››

‹‹ፀጉርሽ ምን ሆነ? ትናንትም ይሄው ነበር።››

‹‹እኮ! ትናንትም ፎቶ አልተነሳሁም።››

ሌላዋ ባሏ ፎቶ እንደማይወድ ነገረችን። ‹‹ባልሽን መቼ አነሳን?›› አለቻት ኦዲሊ። ‹‹እኔን ስታነሱኝም አይወድም›› አለችና ታማሉን በሻርፕ ጠቅልላ ሄደች። የተነሱት ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንቺም አይተሻቸዋል። ከሦስቱ አንዷ ክሪስያ ናት፣ ባለፈው ጃንዋሪ ያገባችው ልጅ፣ ስድስት ጥንድ ታቅፋ የምትስቀው። ገጹ ላይ ከወጣች በኋላ አልመጣችም። መንገድ ላይ ስታየኝ ከማዶ ሆና ሰላም ትለኛለች።

ለምን እንደቀሩ ጠየቅሁ። አንዷ ሆዷን አሟት ነበር። አንዷ ልጇ ምሳ ጋብዟት ነበር። አንዷ ረስታው ነው። የእናቶች ቀንን ረሳች እንግዲህ፣ አምስት ልጆች ያሏት ሴት።

ዶን ኤሊዬሰር ሜትር ይዞ መጥቶ በሩን ለካው። እኔ አልጠራሁትም።

ዜኔይዳ


ፓናማ ከተማ፣ ሴፕቴምበር 14

ለአክስቴ ዶኛ ዜኔይዳ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዶን ቤላርሚኖ ዛሬውኑ ይመለሳል፤ መኪናው አጠገብ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ዝናቡ ይሆናል። በዓሉም የሥራ ቀን ላይ ውሎ ነበር። ገጹ ግን ሰባት መቶ ተከታይ ደርሷል፣ የክሪስያ ፎቶ ብቻ ስድስት መቶ ላይክ አለው። ላይክ ያደረጉት በአብዛኛው ከፓናማና ከጓቲማላ ናቸው፤ እነሱ መጥተው እንደማይገዙ አውቃለሁ። ኢትሴል ግን በግራፉ ደስተኛ ናት፣ ወደ ላይ ስለሚሄድ።

እኔ አይደለሁም። ለምን እንዳልገዙ አልገባኝም። እንደገና ይጠይቁልኝ፤ ሆድ ቁርጠት ሳይሆን እውነተኛውን ምክንያት።

ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ቋሚ ሠራተኛ አይደለሁም። ሙከራዬ ዲሴምበር ላይ ያልቃል፤ ቋሚ የሚያደርጉኝ በዚህ ሥራ ውጤት ነው። ልጫንዎት ብዬ አይደለም። እንዲያውቁት ነው።

ዮርሌኒ


ፑሪስካል፣ ኦክቶበር 11

ለልጄ ለዮርሌኒ

ጤናሽን ይስጥሽ፣ መግቢያ መውጫሽን ያሳምርልሽ። ቤላርሚኖ ሳልጽፍልሽ አንዴ ተመላልሷል፤ የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለኝ።

አንቺ ሥራሽን እንደምታውቂ አምናለሁ። የእኛን ሰው ግን ስለ ራሱ ከጠየቅሽው የሚነግርሽ አንቺን ደስ የሚያሰኝሽን ነው። ይህንን ሳስብ ሰነበትኩና አንድ ቀን ፍሎሪ ዘንድ ሄድኩ። ስለ እሷ አልጠየቅኋትም።

‹‹ፍሎሪ፣ የባልሽ እህት ኤስቴላ ዘንድሮ ለምን ቀረችብኝ?››

‹‹ኤስቴላ? እንዴት አድርጋ ትምጣ! ያን ቀይ ወረቀት ለጥፈሽበት? ሴትየዋ እኮ ‹በእጄ ሠርቼ› እያለች ነው የምታቀርበው። አምና አማቷ ፊት ወገቧን ይዛ ‹ሊጡ ገደለኝ› ስትል ሳቄን የቻልኩት በመከራ ነው።››

‹‹አይ ኤስቴላ።››

‹‹እፍረት የላትም እኮ!››

‹‹አንቺስ?››

‹‹እኔ? እኔ ሌላ ነኝ። ቡና ልጨምርልሽ?››

በማግስቱ ኤስቴላ ዘንድ ሄድኩ። ‹‹ፍሎሪ ለምን ቀረችብኝ?›› አልኳት። በሩን ዘጋችው፣ ወንበሯን አስጠጋች።

‹‹ዶኛ ዜኔይዳ፣ እንዳትቀየሚኝ። ፍሎሪ ስንት ዓመት ሙሉ የአንቺን ታማል የራሴ ነው እያለች ስታበላን ኖራለች። ልጆቿ እንኳ አያውቁም። አሁን ከነፎቶሽ ገበታ ላይ ታውጣው?››

በሦስት ሳምንት ሃያ ስድስት ሴት ጠየቅሁ። ሃያ ስድስቱም ስለ ሌላዋ ነገሩኝ። ስለ ራሷ የነገረችኝ አንዲትም የለችም። የክሪስያ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ እሷን ከጎረቤቷ ነው የሰማሁት። ለባሏ ቤተሰብ የመጀመሪያዋን ታማል ልታቀርብ ነበር። አማቷ ገጹ ላይ አይታት ‹‹እሺ፣ የእኔ ልጅ ያገባው ፌስቡክ ነው?›› አለቻት አሉ፣ ሰው በተሰበሰበበት።

አሁን ልናዘዝልሽ። እኔ ይህን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። በጓሮ በር የሚመጡ አሉ። ድስታቸውን ይዘው መጥተው ድስታቸው ውስጥ የሚያስጨምሩ አሉ። አንዷ ሁልጊዜ ጥሬውን ነው የምትወስደው፤ ቤቷ ስትቀቅለው ሽታው ለመንደሩ እንዲደርስ። አንዷ ገመዱን ፈትታ በራሷ ቋጠሮ መልሳ ታስረዋለች፣ እዚሁ እፊቴ ተቀምጣ። እዚህ አገር ሴት ለገና ታማል ገዛሁ አትልም። እኔም ማን ከእኔ እንደገዛ ለማንም አልናገርም።

ለምን ቀድሜ እንዳልነገርኩሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። በዘጠኙ ጥያቄ ውስጥ ቦታ አላገኘሁለትም። እኔን ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም። ወረቀቱንም ልጠው ይጥሉታል ብዬ ነበር፤ ሙጫሽ ጠንካራ ሆኖ ቅጠሉን ይዞት ይቀደዳል።

አራት መቶ ወረቀት ቀርቶኛል። ኦዲሊ እሳት ታቀጣጥልበታለች።

አክስትሽ ዜኔይዳ


ፓናማ ከተማ፣ ኦክቶበር 22

ለተከበሩ አክስቴ

እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። የክሪስያን ሳነብ ሳቄ ቆመ። ፎቶዎቹን ሁሉ ያኔውኑ አውርጃለሁ። ለክሪስያ ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ወይም አይጠይቁልኝ፣ የሚሻለውን እርስዎ ያውቃሉ።

መጀመሪያ እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ። ደንበኞችን ለማወቅ ብዬ ከሁሉ በላይ የምታውቃቸውን ሴት እንደ ጸሐፊ ላክኋት።

አሁን እንደ አዲስ እንጀምር። ወረቀቱ ይቃጠል። ገጹ ላይ ከእንግዲህ የሰው ፊት አይወጣም፤ የሚፈላ ድስት፣ የሚጠበስ ቅጠል፣ ሊጥ የሚያቦካ እጅ ብቻ። የኦዲሊን እጅ ያንሱልኝ፣ ቀለበቷን አውልቃ። የማን ማድ ቤት እንደሆነ የማይለይ ይሁን። ሴቶቹ ፎቶውን ወስደው የራሴ ነው ቢሉ ምን ቸገረን? ጽሑፉን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ ‹‹በዲሴምበር ሥራ ይበዛል። እጅ እናግዛለን።›› ታማል የሚለውን ቃል እንኳ አላስገባሁም። እነሱ የሚገዙት ምግብ አይደለም፣ ታማል መሥራት የሚፈጀውን ሦስት ቀን ነው።

ትእዛዝ በግል መልእክት ብቻ ይሁን። ጥሬ ወይስ የበሰለ፣ የገመዱ ቀለም፣ ቋጠሮው፣ በየትኛው በር፣ በስንት ሰዓት። ሁለት ሴቶች በር ላይ እንዳይገናኙ በየሩብ ሰዓቱ ይከፋፍሏቸው። የባል እህትና የወንድም ሚስት የሆኑትን በተለያየ ቀን።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎት።

አንዱ ይህ ነው። ለኢትሴል ነገርኳት፤ ዓይኗ በራ። በኖቬምበር 28 የሙያው ሰዎች ትልቅ ስብሰባ አለ፣ ከአምስት አገር ይመጣሉ። መድረክ ላይ እንዳቀርበው ትፈልጋለች፤ የከተማውን ስም ጠርቼ፣ መልእክቶቹን በትልቅ ስክሪን አሳይቼ። ‹‹ይህን ካቀረብሽ ማንም አይነካሽም›› አለችኝ። ቋሚ ማድረጓ ነው። ምን ይላሉ?

ሁለተኛው የእናቴ ነገር ነው። በየዓመቱ ዲሴምበር 22 ሁላችንንም አያታችን ዘንድ ትልከን ነበር፤ ‹‹ማድ ቤት ውስጥ አትርመስመሱብኝ›› እያለች። ስንመለስ ድስቱ ይፈላል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል፣ እሷ ሽርጥ ታጥቃ ላቧን ትጠርጋለች። ሊጥ ስታቦካ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ይህ ከደብዳቤዎ በኋላ ነው የመጣብኝ። አክስቴ፣ እናቴ ከእርስዎ ትገዛ ነበር?

ዮርሌኒ


ፑሪስካል፣ ኖቬምበር 12

ለልጄ ለዮርሌኒ

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ደህና ነን፣ ዝናቡም ሊያባራ ነው። እግዚአብሔር በሥራሽ ይግባበት።

እንዳልሽው አድርገናል። የኦዲሊ እጅ ገጹ ላይ ከወጣ ወዲህ ‹‹ማነው እንዲህ ያለ እጅ ያላት›› እያሉ ይጠይቋታል፣ እሷም ‹‹እንጃ›› ትላለች። እየኮራች ነው እንጃ የምትለው። ላይክ ያደረገ የለም። በመልእክት ግን እስከ ትናንት ማታ ሦስት መቶ አሥር ጥንድ ታዟል፤ በዚህ ወር እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ግማሹ ጥሬ ነው። ሁለት ሴቶች ‹‹አንዱን ትንሽ አበላሹልኝ፣ ጠማማ ይሁን›› ብለው አዝዘዋል። ያልተስተካከለ ታማል ማሰር የኦዲሊ እጅ እንቢ አላት፤ እነሱን እኔ አስራለሁ።

የሙዝ ቅጠል ዘንድሮ ተወዷል። ከላይኛው መንደር እያስመጣን ነው።

ክሪስያ በጓሮ በር መጣች። አሥር ጥንድ፣ ጥሬ። ስለ ፎቶው አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ‹‹ስንት ሰዓት ይቀቀላል?›› ብቻ ነው ያለችኝ። ነገርኳት። ስትወጣ ጉንጬን ሳመችኝ።

ዶን ኤሊዬሰር ዓርብ ዓርብ ይመጣል። ጭሱን አይቶ ይመለሳል።

ስለ ስብሰባው። ፑሪስካል ውስጥ በትእዛዝ ታማል የሚሠራ ማድ ቤት አንድ ነው። የከተማውን ስም ከጠራሽ የእኔን ጠራሽ፣ የእኔን ከጠራሽ ሁሉንም ጠራሽ። እዚህም ስልክ አለ፤ ፓናማ የተባለው በአንድ ቀን ይደርሳል። ግን አለቃ ያለሽ አንቺ ነሽ፣ የቤት ኪራይ የምትከፍዪውም አንቺ ነሽ። አትሂጂ አልልሽም። የወሰንሽውን አድርጊ፤ እኔ አልቀየምሽም።

ጉልበቴ ተሽሎታል።

አክስትሽ ዜኔይዳ


ፓናማ ከተማ፣ ዲሴምበር 3

ለተከበሩ አክስቴ ለዶኛ ዜኔይዳ

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። በዓሉን በሰላም ያድርስዎ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ቅጠል አለ፣ ስለ ኦዲሊ እጅ አለ፣ ስለ ሞተር ጠጋኙ አለ። ስለ እናቴ የጠየቅሁዎት የለም። መጀመሪያ ረስተውት ነው ብዬ ነበር። ኋላ ግን እርስዎ የሚረሱ ሰው አለመሆንዎን አስታወስኩ። እናቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፣ እኔ ልጇ ነኝ፣ እና አልነገሩኝም። የገዛ እናቴን ምስጢር ለእኔ ካልነገሩኝ፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸውን ሴቶች በምን አፌ ስክሪን ላይ አወጣለሁ?

ለኢትሴል አላቀርብም አልኳት።

‹‹የከተማውን ስም ካልጠራሽ ማን ያምንሻል?›› አለችኝ።

‹‹ከጠራሁት ማን ከአክስቴ ይገዛል?››

‹‹ዮርሌኒ፣ የአንዲት ሴትዮ ታማል ነው እኮ።››

‹‹አዎ፣ የአንዲት ሴትዮ ነው።››

ቢሆንም መድረኩ ላይ ወጥቻለሁ፤ ስሜ ተጽፎ ስለነበር። የራሴን ብቻ ነገርኳቸው፦ ዘጠኝ ጥያቄ እንዴት እንዳዘጋጀሁ፣ አርባ አንድ ሰው እንዴት እንዳመሰገነኝ፣ እሱን አምኜ ባወጣሁት ስልት ሽያጩ እንዴት ከግማሽ በታች እንደወረደ። አገር አልጠራሁም፣ ምርቱንም ሳሙና ነው አልኩ። ሰው ሳቀ። አንድ ሰውዬ ተነሥቶ ‹‹ታዲያ እንዴት አስተካከልሽው?›› አለ። ‹‹ባለቤቷን ጠየቅኋት›› አልኩና ወረድኩ።

ቋሚ አላደረጉኝም። ሙከራውን ሦስት ወር አራዘሙት፣ ሌላ ንግድ ሰጡኝ፤ የጫማ መደብር ነው። ትናንት ሄጄ ከጠዋት እስከ ቀትር ከሻጯ ጋር ተቀመጥኩ። ወረቀት አልያዝኩም።

ገጹን ለእርስዎ መልሼልዎታለሁ። የይለፍ ቃሉን ዶን ቤላርሚኖ በታሸገ ፖስታ ይሰጥዎታል። አይክፈተው።

ስለ እናቴ ደግሜ አልጠይቅዎትም።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ድርጅታችን ዲሴምበር 21 የበዓል ራት ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ሰው ከአገሩ አንድ ነገር በእጁ ሠርቶ ያመጣል። ኢትሴልም ትመጣለች። እኔ እንደሚያውቁት እንቁላል እንኳ በወጉ አልጠብስም። አሥራ ሁለት ጥንድ፣ ነጭ ገመድ።

አክባሪዎ ዮርሌኒ


ፑሪስካል፣ ዲሴምበር 16

ለዮርሌኒ

በዓሉን የደስታ ያድርግልሽ፣ ለከርሞው በደህና ያገናኘን።

እስከ ዛሬ ስድስት መቶ ሰባ ሁለት ጥንድ ደርሰናል፣ ገናም ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ለዶን ኤሊዬሰር ሌላ በር ፈልግ አልኩት። አልተቀየመም። እንዲያውም ከሚስቱ ተልኮ አራት ጥንድ አዘዘ፤ ድስት ይዞ ነው የመጣው።

ለኦዲሊ ለሚመጣው ዓመት እንደምንቀጥል ነገርኳት። ‹‹መቼ ልናቆም ነበር?›› አለችኝ።

ትእዛዝሽን ቤላርሚኖ ይዞታል፣ በበረዶ ሳጥን። ሦስቱን ትንሽ አጣምሜያቸዋለሁ። ውኃው ሲፈላ ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል። ከጠየቁሽ ሊጡን ያቦካሽው በአሳማው መረቅ ነው፣ ቅጠሉን እሳት ላይ ለብ ያደረግሽው እንዳይሰነጠቅ ነው፣ ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት ያሰርሽው አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነው። ወገብሽን ያዝ አድርጊ።

ስምሽን የትም አልጻፍኩም።

አክስትሽ ዜኔይዳ